ሦስት ሰንደል በእርጎ ውስጥ

መሬት በተንቀጠቀጠ ቁጥር አጎቴ ኑቼ ስልክ ይደውላል። ደህንነታችንን ሊጠይቅ ግን አይደለም። «ምነው፣ እናንተ ጋ ነገር አለ እንዴ?» ይላል ሳቁን አፍኖ፤ «እኛ ጋ ምንም የለም። ሻዬን እየጠጣሁ ነው።»

አጎቴ እኛ በምንኖርባት በሸክላ ሠሪዎቹ ከተማ በቲሚ ተወልዶ፣ እዚያው አድጎ፣ ከሸክላ ሥራ ጋር ከተጣላ በኋላ ቾባር ኮረብታ ላይ ጎማ ጥገና የከፈተ ሰው ነው። ቾባር አለት ነው። ቲሚ ደግሞ እንደ አብዛኛው የካትማንዱ ሸለቆ በጥንት ሐይቅ ደለል ላይ ነው የተቀመጠችው። ማንጁሽሪ የሚባለው አምላክ ቾባር ላይ ተራራውን በሰይፉ ሰንጥቆ የሐይቁን ውሃ አፈሰሰው ይባላል። አጎቴ ይህን ሲያወራ ለሰማው ሰይፉን ያቀበለው እሱ ይመስላል።

«እኛ ሰይፉ ያረፈበት ድንጋይ ላይ ነን» ይላል፤ «እናንተ አተላው ላይ።»

«አተላው ነው አብልቶ ያሳደገህ» ትለዋለች አክስቴ ኬሻሪ።

እውነቷን ነው። አክስቴ ከዚያው ጥቁር ጭቃ የእርጎ ወጭት ትሠራለች። እናቴ ከሞተች ጀምሮ እኔንም ያሳደገችኝ በዚሁ ወጭት ነው። እርጎ በሸክላ ወጭት ሲረጋ ሸክላው ውሃውን ይመጥጥለትና ቢላዋ የሚያቆም ይሆናል። የሰርግ፣ የልደትና የመንገደኛ ምርቃት ያለሱ አይሆንም። እኔም ወደ ኖርዌይ ስሄድ ግንባሬ ላይ እርጎ ተቀብቼ ነው አውሮፕላን የገባሁት፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ መንገዱን ሙሉ ሲያየኝ ነበር።

ኖርዌይ የሄድኩት ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ልማር ነው። አገሩ ከዳር እስከ ዳር አለት ስለሆነ የሚንቀጠቀጠው ከውጭ የመጣ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም በብርድ። ትምህርቴን ጨርሼ ስመለስ ያወቅኩትን ነገር በየትኛው አፌ እንደምናገረው አላወቅኩም። እዚያ ሳለሁ ስለ ቲሚ ስናገር ሰው ማስታወሻ ይይዝ ነበር። ቲሚ ስደርስ «ከስተሻል፣ ብዪ» ተባልኩ።

የደረስኩት አክስቴ ቤት ልትሠራ በተነሳችበት ሰሞን ነው። የድሮውን ቤት ትልቁ መንቀጥቀጥ ጥሎታል። ያኔ ሁሉም ግቢው ውስጥ ጭቃ ሲረግጡ ስለነበር ከአንዲት ፍየል በቀር የተጎዳ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ አክስቴና ልጇ ሳጃን የሚኖሩት በቆርቆሮ መጠለያ ነው። አሁን ሳጃን ሚስት ሊያገባ ነው፤ ቆርቆሮ ውስጥ ደግሞ ሙሽራ አይገባም።

«ስንት ፎቅ ነው?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ስድስት» አለች አክስቴ፣ ሁለት እንደሚባለው ቀለል አድርጋ።

ምክንያቷ ግልጽ ነበር። ጎረቤታችን ቺኒማያ በደቡብ በኩል ባለ አምስት ፎቅ ሠርታለች። ከዚያ ወዲህ ግቢያችን ከጠዋት እስከ ማታ ጥላ ነው። ወጭት ደግሞ ፀሐይ ይፈልጋል። በደንብ ሳይደርቅ እሳት የገባ ወጭት ይሰነጠቃል፤ አክስቴ ከምትሠራው ግማሹ የሚያልቀው በገል ክምር ነበር። ስለዚህ ከቺኒማያ ጣሪያ አልፋ ወጥታ፣ በራሷ ጣሪያ ላይ ወጭቶቿን ልታሰጣ ቆርጣለች።

«ፀሐይን እዚያው ቤቷ ሄጄ ነው የማገኛት» አለች ጣቷን ወደ ሰማይ ቀስራ። «ቺኒማያ ደግሞ በተራዋ አንጋጣ ትየኝ።»

ንዝረት መለኪያዬን አውጥቼ ግቢው መሐል ቀበርኩት። መጠኑ የበርበሬ ጣሳ ያህላል፤ ሰው የማይሰማውን ንዝረት ሁሉ ይሰማል። የመኪናውን፣ የነፋሱን፣ ሩቅ ያለ ባሕር ዳርቻውን ሲመታ የሚልከውን ሳይቀር። አክስቴ ፀሐይ እንዳይመታው ብላ ወጭት ደፋችበት፤ በኋላ ፀሐይ እንደሌለ ትዝ ሲላት ወጭቱን በንዴት አነሳችው። በሌላ ቀን መለኪያውን ቾባር ወስጄ ከአጎቴ ጎማዎች ጎን አስቀመጥኩት። መለኪያው ከመዘገበው የሳልኩት የቾባሩ የንዝረት መስመር እንደ ጠረጴዛ ለጥ ያለ ሆነ። የቲሚው ግን አንድ ቦታ ላይ እንደ ግመል ሻኛ ጉብ አለ። ሻኛው የቆመበት ቦታ አላስደሰተኝም።

«አክስቴ፣ መሬት የራሱ ልክ አለው» አልኳት እሷ ጭቃ ስታቦካ። «ዥዋዥዌ ላይ ያለ ልጅ በልኩ ከገፋሽው ከፍ ከፍ ይላል አይደል? ደለሉም እንደዚያ ነው። ከሥር ያለው አለት ትንሽ ሲገፋው እሱ አብዝቶ ይወዛወዛል። ቤትም የራሱ ልክ አለው። የባለ ስድስት ፎቅ ልክ ከዚህ ግቢ ልክ ጋር ሊገጥም ይችላል።»

«ይወድቃል?»

«እንደዚያ ማለት አይቻልም።»

«አይወድቅም?»

«እንደዚያም ማለት አይቻልም።»

«ታዲያ ምን ማለት ይቻላል?»

«ምናልባት፣ ትልቅ መንቀጥቀጥ ከመጣ፣ ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል።»

አክስቴ ማቡካቷን አቆመች። «ሳጃን» አለች፣ «እህትህ ከኖርዌይ ምን ይዛ እንደመጣች ሰማህ? ምናልባት ይዛ መጣች። ቸኮሌት ይዘው የሚመጡ ሰዎች አሉ።»

ሳጃን ከስልኩ ቀና ሳይል ሳቀ። ፕላኑን የሠራው ጓደኛው ነበር። ጥሩ ፕላን ነው፤ ሌላ መሬት ላይ ቢሆን። ሳጃን ስድስተኛውን ፎቅ ለራሱ መርጦ የመጋረጃውን ቀለም ሳይቀር ወስኗል።

ደጋግሜ ተናገርኩ። ብረቱን ብታበዙ፣ ፎቁን ብትቀንሱ፣ አልኩ። ወረቀት ላይ ስዬ አሳየሁ፤ ወረቀቱ የእሳት መለኮሻ ሆነ። ያስቸገረኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በልቤ እኔም ራሴን አላምነውም ነበር። ከአንድ ጣሳ በወጣ ሻኛ የሰው ቤት ይቀየራል? ሁለተኛ፣ አክስቴ ፀሐይ ያስፈልጋታል፤ ፀሐዩን ከየት እንደማመጣላት አላውቅም። «ፎቁን ተዪው» ማለት «ሥራሽን ተዪው» ማለት ነበር።

መሠረት የሚጣልበት ቀን ደረሰ። በአሮጌው ቤት ቦታ ጉድጓዱ ተቆፍሯል፤ ብረቱ ተከምሯል፤ ግንበኞቹ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጠው ይቀልዳሉ። ኮከብ ቆጣሪው አባባ ጆሺ ጥሩውን ሰዓት ከቀትር በፊት አድርገውታል። ለሥነ ሥርዓቱ ከተተከለው ድንኳን ሥር ረጅም ጣውላ ላይ ሰንደሉ፣ አበባው፣ የተቀቀለ እንቁላሉ፣ አረቄው፣ እንዲሁም አክስቴ ትናንት ያረጋቻቸው የእርጎ ወጭቶች ተደርድረዋል።

አጎቴ ኑቼ በሞተር ብስክሌቱ ቀድሞ መጥቶ ሻይ ይዟል።

«ስድስት ፎቅ ስትወጪ ቾባርን ታዪናለሽ» አላት እህቱን። «እጅሽን አውለብልቢልን። እኔ ግን እዚያ ብፈልግ አሥር እሠራለሁ፤ አንዲት ስኒ አትነቃነቅም።»

«አየሽ?» አለችኝ አክስቴ። «እሱ አሥር ይሠራል፤ እኔ ስድስት ስል ምናልባት ትዪኛለሽ። መሬት ዘመድ ይመርጣል እንዴ?»

«አዎ፣ ይመርጣል» አልኩ።

ግንበኞቹ ሳቁ። እኔ ግን ከዚህ ወዲያ መናገር ሰልችቶኝ ነበር። ከጣውላው ላይ ሦስት ሰንደል አነሳሁና አንዱን አጭር፣ አንዱን መካከለኛ አድርጌ ሰበርኳቸው፤ ሦስተኛውን እንዳለ ተውኩት። ከአክስቴ የጭቃ ክምር ቆንጥሬ ሽምብራ የሚያህል ድቡልቡል በየጫፋቸው ላይ ለጠፍኩ። ሦስቱን ደረቅ ያለ የጭቃ ጓል ላይ ተከልኳቸው።

«ይህ ቾባር ነው» አልኩና ጣውላውን በመዳፌ ደጋግሜ መታሁ። ድቡልቡሎቹ ትንሽ ንቅንቅ ብለው ዝም አሉ።

«ቾባር ሁልጊዜም ጨዋ ነው» አለ አጎቴ።

ቀጥዬ አንዱን የእርጎ ወጭት ሳብኩና ሰንደሎቹን እርጎው ውስጥ ተከልኳቸው። ቀጥ ብለው ቆሙ። «ይህ ደግሞ ቲሚ ነው። ተራሮቹ የወጭቱ ከንፈር፣ እርጎው ደለሉ።»

በዚያው ጉልበት መታሁ። እርጎው እንደ ወፍራም ሰው ሆድ ተርገበገበ። ርግብግቡ ከወጭቱ ዳር ደርሶ ይመለሳል፤ ሲመለስ ከሚሄደው ጋር ይገናኛል። አጭሩ ሰንደል በፍጥነት ይንቀጠቀጣል እንጂ ቦታውን አልለቀቀም። ረጅሙ ቀስ ብሎ ዞር ዞር ይላል። መካከለኛው ግን ልኩን አገኘ። በየምቱ እያጋደለ፣ እየሰፋ፣ እጄን ካነሳሁ በኋላ እንኳ አንድ ጊዜ ወዲያ አንድ ጊዜ ወዲህ ተወረወረና ድቡልቡሉን አሽቀነጠረው። ድቡልቡሉ በአየር ተንሳፍፎ አጎቴ ኑቼ ሻይ ውስጥ ጠብ አለ።

አጎቴ ስኒውን ተመለከተ።

«እሱኛው የቱ ነው?» አለች አክስቴ በቀስታ።

«ባለ ስድስት ፎቁ።»

«አጭሩስ?»

«ባለ ሦስቱ። እሱም ይንቀጠቀጣል፤ ግን ልኩ ሌላ ነው። በደንብ ከታሰረ ይችለዋል።»

«ረጅሙ?»

«እሱ ሃያ ፎቅ ነው። ዛሬ ዳር ዳር አለ፤ ዘገም ያለ መንቀጥቀጥ የመጣ ቀን እሱ ነው የሚጨፍረው።»

አክስቴ ቀና ብላ የቺኒማያን ቤት ፎቅ በፎቅ ቆጠረች። «አምስትስ?»

«የስድስት ጎረቤት ነው» አልኩና ጣቴ ላይ የቀረውን እርጎ ላስኩት። ጣፋጭ ነበር። ያንኑ ጣቴን ከወጭቱ ዳር እርጎው ውስጥ ነክሬ እንደገና ላስኩት።

ያን ጊዜ ሳጃን ክንዴን ያዘኝ። «ሉኒባ» አለ፣ «የትኛውን ወጭት ነው የሳብሽው?»

የወጭቱ ከንፈር ላይ ቀይ ዱቄት ተቀብቷል። ቀይ የተቀባው ለአምላክ የሚቀርበው ነው። የቲሚ ሕፃን በዳዴ ዘመኑ የሚያውቀውን ነገር እኔ ኖርዌይ ረስቼው መጥቻለሁ። አፍ የነካው ጣት የገባበት ምግብ ጁቶ ነው፤ ጁቶ ለአምላክ አይቀርብም። እኔ ደግሞ ሁለት ጊዜ ልሻለሁ።

አባባ ጆሺ የደረሱት በዚህ መሐል ነው። ጃንጥላቸውን አጠፉ፤ ጎንበስ ብለው እርጎው ላይ የቆሙትን ሰንደሎችና የጣቴን ዱካ አዩ።

«ይህ ምንድነው?» አሉ።

«ቲሚ ነው» አለ ከግንበኞቹ አንዱ።

«ይህቺ ልጅ ሆን ብላ ነው» አለ አጎቴ፣ ስኒው ውስጥ በማንኪያ ጭቃውን እያሳደደ።

«አይደለም» አልኩ። ፊቴ እንደ ወጭቱ ከንፈር ዱቄት ቀልቷል። «አባባ ጆሺ፣ ሌላ ወጭት ብናቀርብስ?»

«ሌሎቹ የእንግዳ ናቸው፤ ለሰው የተባለ ለአምላክ አይሰጥም። ሰዓቱ ሳያልፍ ንጹሕ እርጎ ከተገኘ ባርኬ አደርሰዋለሁ» አሉ። «ካልተገኘ የሚቀጥለው ጥሩ ቀን ከመጪው በዓል ወዲያ ነው። እስከዚያ አንድም ድንጋይ አይጣልም።»

ሳጃን ጭንቅላቱን ያዘ። በዚህ ጊዜ ከላይ ድምፅ መጣ። ቺኒማያ ከሁለተኛ ፎቅ መስኮቷ ክርኖቿን አስደግፋ ሁሉንም ስታይ ቆይታለች።

«ኬሻሪ፣ እኔ ጋ ማንም ያልነካው እርጎ አለ» አለች። «ላምጣልሽ?»

ቺኒማያ ፀሐይዋን ከወሰደች ወዲህ አክስቴ ከእሷ ክብሪት እንኳ አልተቀበለችም። ሳጃን በዓይኑ እናቱን ይለምናል። ግንበኞቹ መዶሻቸውን ይዘው ተነሱ። አንድ «እሺ» ብቻ ነው የቀረው፤ «እሺ» ካለች ስድስቱ ፎቅ ተጀመረ ማለት ነው።

ቺኒማያ ወጭቱን ታቅፋ ደረጃዋን ወርዳ በራችን ላይ ቆመች። ስትራመድ እርጎው ይርገበገብ ነበር። አክስቴ እርጎውን አየችው፤ ቀጥሎ ጣውላው ላይ ያጋደለውን መካከለኛ ሰንደል አየችው፤ ከዚያ ልጇን።

«እትዬ ቺኒማያ» አለች፣ «እርጎሽን አልፈልግም። ፀሐዬን ነው የምፈልገው።»

«ፀሐይሽ እኔ ጣሪያ ላይ ናት» አለች ቺኒማያ። «እዚያ ከአንዲት የሞተች ተክል በቀር ምንም የለም። መጥተሽ ውሰጂያት፤ ማን ከለከለሽ?»

«መቼ ውሰጂ አልሽኝ?»

«መቼ ጠየቅሽኝ? አንቺ እኮ ሰላም ስልሽ ፊትሽን ወደ ግድግዳው ነው የምታዞሪው።»

አጎቴ ሳቁ አመለጠው። አክስቴ አላየችውም።

«ወጭት ነው የማሰጣው» አለች። «ብዙ ወጭት።»

«ብዙ ጣሪያ ነው ያለኝ።»

«ደረጃሽ ላይ ጭቃ ይንጠባጠባል።»

«በገመድ ሳቢው። ልጅሽ ጉልበት የለውም?» ካለች በኋላ ቺኒማያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «በምትኩ ሉኒባ ያቺን ጣሳዋን ግቢዬ ውስጥ ትቅበርልኝ። እኔም ከመስኮት ቆጥሬያለሁ፤ የስድስት ጎረቤት ነኝ አይደል?»

አክስቴ ወደ አባባ ጆሺ ዞረች። «ሰዓቱ ይለፍ» አለች። «እርጎው ተበላሽቷል፤ አምላክ ዛሬ አልፈለገም። እኔ ሐሳቤን አልቀየርኩም» ብላ ወደ እኔ ዓይኗን አፈጠጠች፣ «ይህን ሁሉም ሰው ይስማልኝ። ሐሳቤን የቀየረው እርጎው ነው። ከበዓሉ ወዲያ ሦስት ፎቅ እጥላለሁ።»

«እማ፣ ስድስተኛው ፎቅ የኔ ነበር» አለ ሳጃን።

«ሦስተኛውን ውሰድ። ሚስትህ ደረጃ ስትወጣ ከምታኮርፍህ ይሻላል።»

ለአምላክ የማይቀርብ እርጎ ለሰው ይቀርባል። ግንበኞቹ ቀይ የተቀባውን ወጭት መሐል አድርገው ተቀመጡ፤ ጠፍጣፋ ሩዝና አረቄ ተጨመረ፤ የቺኒማያም ወጭት ተከፈተ። አባባ ጆሺ «ሰዓቱ ካለፈ እንግዳ ነኝ» ብለው እጃቸውን ታጠቡ። አጎቴ አዲስ ሻይ ጠየቀ፤ አክስቴ «አተላ ላይ ነው ያለኸው፣ ጭቃ ያለበት ነው የሚጠጣው» አለችው።

በዓሉ አለፈ። ፕላኑ እንደ አዲስ ተሳለ፤ ሦስት ፎቅ፣ ወፈር ያለ ብረት፣ ማዕዘኖቹ እርስ በርስ የታሰሩ። በሁለተኛው ሥነ ሥርዓት ላይ አክስቴ ወጭቱ አጠገብ በርጩማ አስቀምጣ ተቀምጣ ጠበቀችው። እኔ ስቀርብ «እጅሽን ኪስሽ ውስጥ» ትለኝ ነበር።

ቺኒማያ ግቢ ውስጥ ጣሳዬን ቀበርኩ። ያው ሻኛ ወጣ። የምድር ቤቷ ሱቅ ስለሆነ ግድግዳ አልነበረውም፤ ምሰሶዎቹን አወፈርንና ግድግዳ ጨመርንበት። «አሁን ይችላል?» ስትለኝ «ምናልባት» አልኳት። «ከበፊቱ የተሻለ ምናልባት ነው።» እሷ ይህን ወደደችው፤ ሰፈሩን ዞራ ስታወራ ሌሎችም ጣሳ ፈለጉ። አሁን ቲሚን ግቢ በግቢ እየዞርኩ ጣሳዬን እቀብራለሁ። አንዳንዱ ግቢ ሻኛው ወዲህ፣ አንዳንዱ ወዲያ ነው። ተራራው ሥር ስቀርብ ደለሉ ይሳሳና ልኩ ያጥራል፤ እዚያ ደግሞ የሚያሰጋው አጭሩ ቤት ነው። ለሁሉም የሚሆን አንድ ቃል የለኝም። አሁንም እጠራጠራለሁ፤ ግን ጥርጣሬዬን ሻይ እየቀዱ ይሰሙኛል።

ወጭቶቹ ጠዋት በገመድ ወደ ቺኒማያ ጣሪያ ይወጣሉ፤ ማታ ደርቀው ይወርዳሉ። የገሉ ክምር ቀንሷል። ሁለቱ ሴቶች ጣሪያ ላይ ሆነው የሚሰዳደቡት ስድብ መንገድ ድረስ ይሰማል።

ባለፈው ሰሞን አንድ ቀን አመሻሽ ላይ መሬት ተንቀጠቀጠ። ትልቅ አልነበረም። አዲሱ ቤት ምድር ቤት እራት ላይ ነበርን፤ መብራቱ ተወዛወዘ፣ ክዳኖች ተንኳኩ፣ የሳጃን ሚስት እጄን ያዘችኝ። ገበታው ላይ ያለው እርጎ ተርገበገበ፤ ዳር ደርሶ ተመለሰ፤ መሬቱ ከቆመ በኋላም ርግብግቡ ትንሽ ቆየ። ግድግዳውን አየሁ፤ ምንም የለም። ሳጃን ቺኒማያን ለማየት ወጣና ከመስኮቷ ስትሳደብ ሰምቶ ተመለሰ።

ስልኩ ጮኸ። አክስቴ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ አነሳችው።

«ኑቼ» አለች፣ እሱ አፉን ሳይከፍት፣ «ምነው ደወልክ? ሻይህ ውስጥ ነገር ገባ እንዴ?»